የግቢው ሁለተኛ ቤት

ወደ ጉደር የተዛወርኩት በአብዮቱ ዘመን፣ ትምህርት ቤት ሊከፈት ጥቂት ሲቀረው ነው። ከዚያ በፊት ደብረ ብርሃን አስተምር ነበር። ዝውውሩን የጠየቅሁት እኔ አይደለሁም። ደብዳቤ መጣ፣ ፈረምኩ፣ አልጋዬን ለጎረቤት ሰጠሁ፣ ፍራሼን ጠቅልዬ በገመድ አሰርኩና ወጣሁ። ባል አልነበረኝም፤ ልጅም አልነበረኝም። እንዲህ ያለ ሰው ለዝውውር ይመቻል።

የጉደሩ ዳይሬክተር ቆሞ የሚያነብ፣ ቆሞ የሚፈርም ቀጭን ሰው ነበር። የመሸኛ ደብዳቤዬን አይቶ፣ "እንኳን ደህና መጣሽ፤ የሒሳብ መምህር ስንጠብቅ ከርመናል" አለኝ። ከዚያ ዓይኑ በረንዳው ላይ ወዳስቀመጥኩት ፍራሽ ሄደና፣ "ቤት ግን የለም" አለ።

"አንዲት ክፍል ብትሆን ትበቃኛለች።"

"ክፍልም የለም። ያለውን ቀበሌው አከፋፍሎ ጨርሷል። መምህራኑ ራሳቸው ሦስት አራት ሆነው ነው የሚኖሩት፤ ሁሉም ወንዶች ናቸው።"

ያን ዘመን ያልኖረ ሰው፣ ቤት ፈልጎ ማጣት ሲባል ኪራይ ተወዶበት ይመስለዋል። እንዲያ አልነበረም። ትርፍ ቤት የተባለ ሁሉ ተወርሶ፣ አንድ ቤተሰብ የሚኖርበትን አንዱን ቤት ይዞ ሌላውን ለመንግሥት ካስረከበ ዓመታት አልፈዋል። ሰው ለሰው ቤት ማከራየት ተከልክሏል። ቤት የሚፈልግ ቀበሌ ሄዶ ይመዘገባል፤ አንዱ ሲሞት ወይም ሲዛወር ተራ ይደርሰዋል። ተራ መጠበቅ ያልቻለ ደግሞ የቀበሌ ቤት ካለው ሰው ዘንድ ደባል ሆኖ ይጠጋል። እሱንም ቢሆን ቀበሌው ሊያውቀውና ሊመዘግበው ይገባል።

ጉደር ላይ ተመዘገብኩና ከድልድዩ ወዲያ ካለ ቡና ቤት ጀርባ አልቤርጎ ያዝኩ። ክፍሎቹ በአንድ ረድፍ የተደረደሩ፣ በራቸው ሁሉ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ነው። ሞቅ ያለው ደንበኛ የራሱን በር ስቶ የእኔን ያንኳኳል። ለባለቤቲቱ ብነግራት፣ "አንቺን ብሎ አይደለም እህቴ፣ በሩ ተመሳስሎበት ነው" አለችኝ። ክፋት አልነበረባትም፤ በማግስቱ በሬ ላይ በከሰል ትልቅ መስቀል አድርጋልኝ አገኘሁ። ሰካራሙ ግን መስቀል አያነብም።

ከአልቤርጎው ያወጣችኝ የቤት አያያዝ መምህርቷ ናት። ባሏ ወታደር ነበር፤ ጦር ግንባር ነው ያለው። ደባል አድርጋ አስመዘገበችኝና አንድ ክፍሏን ለሁለት ተካፈልን። ጥሩ ሴት ነበረች፤ ብዙ አታወራም፤ እኔም አላወራም። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስንመለስ ባሏ ደጃፉ ላይ ሻንጣው ላይ ተቀምጦ አገኘነው። ፈቃድ አግኝቶ መምጣቱ ነው። እሷ እቃዋን ጥላ ሮጠች። እኔ ሰላም ብዬው ገባሁና ፍራሼን መጠቅለል ጀመርኩ። ማንም ሂጂ አላለኝም፤ ተይው ያለኝም የለም።

ወደ አልቤርጎው ተመለስኩ።

አምቦ የአውራጃው ዋና ከተማ ስለሆነ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ያለው እዚያ ነው። አንድ ቀን የጎደለብኝን ማስረጃ ለማስገባት ሄድኩ። እዚያ የምትሠራው ታይፒስት ጎጆ የምትባል የደጋ ከተማ ልጅ ነበረች፤ ከዚያ ብርድ አገር ወርዳ አምቦ ሞቃት ናት ብላ ሹራብ የማትለብስ። ጉዳዬን ስነግራት ጣቷን ከታይፑ ሳታነሳ ሰማችኝ።

"እኛ ቀበሌ አንድ ቤት ባዶውን አለ" አለችኝ። "ማንም አይወስደውም።"

"ለምን? ያፈሳል?"

"አያፈስም። ጥሩ ቤት ነው። ሄደሽ እይውና ከፈለግሽ ጠይቂ።"

ከዚህ በላይ አልተናገረችም። እኔም አልጠየቅሁም፤ ጅብ ያለበት ቤት ነው ብትለኝም ሄጄ አየው ነበር።

የቀበሌው የቤት ጉዳይ ኃላፊ ልብስ ሰፊ ነው። ያገኘሁት ሲንጀሩ ላይ ተቀምጦ የተማሪ ሱሪ ሲያሳጥር ነው። ጥያቄዬን ከሰማ በኋላ መርፌውን ቆም አድርጎ፣ "ሥራሽ ጉደር፣ ቤትሽ አምቦ፤ እንዴት ይሆናል?" አለኝ። ቤት የሚሰጠው በከተማው ለሚሠራ ነው።

"ጉደር ቤት የለም። አምቦ ደግሞ ባዶ ቤት አለ አሉኝ" አልኩት።

ባዶ ቤት መኖሩ እሱንም ያስጠይቀዋል፤ በላይ ያሉት መጥተው "ሕዝቡ ቤት አጥቶ እናንተ ዘግታችሁ ታስቀምጣላችሁ" ብለውታል። ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ቁልፍ አንስቶ ተነሳ።

ግቢው ከሁሉቃ ወንዝ ብዙ አይርቅም። በሩ አንድ ነው። ስትገባ በግራ በኩል አሮጌ፣ ዝቅ ያለች፣ ሁለት ክፍል ቤት አለች፤ ከኋላዋ የከብት በረት ተለጥፏል። በቀኝ በኩል ደግሞ ከፍ ያለ መሠረት ያለው፣ በረንዳው ሲሚንቶ፣ መስኮቱ ሰፋፊ፣ አዲስ ሊባል የሚችል ቤት ቆሟል። በሁለቱ መካከል አጥር የለም። አንድ አዛውንት የግቢውን የጽድ አጥር በመቀስ ይከረክማሉ።

"አከም ኦልተን፣ አባ መና" አለ ልብስ ሰፊው፤ እንዴት ዋሉ ማለቱ ነው።

"ነጋ" አሉት፤ ደህና። ፊታቸውን ግን ከአጥሩ አላዞሩም። መቀሱም አልቆመም።

አባ መና ስማቸው አይደለም። በኦሮምኛ አባወራ፣ የቤት ባለቤት ማለት ነው። ቋንቋውን ገና ስላልለመድኩ፣ ነገሩ ሁሉ መና የቀረበት ሰው ለማለት የወጣላቸው ቅጽል መስሎኝ ነበር። ቆይቶ ነው የገባኝ። ሁለቱንም ቤት የሠሩት እሳቸው ናቸው። ከወረሳው በፊት የእህል ነጋዴ ነበሩ። አሮጌዋ ቤት ቀረችላቸው፤ አዲሱ ተወረሰ። የቀበሌው ሰው በሙሉ እህል ሸጦላቸዋል፣ ተበድሯቸዋል፣ ልጁን አስታርቀውለታል። እዚያ ቤት ገብቶ ከዓይናቸው ሥር መኖር ለሰፈሩ ሰው ይከብዳል። ስለዚህ ቤቱ የሚሰጠው ለእንግዳ ነው። ከእኔ በፊት አንድ የግብርና ሠራተኛ ኖሮበት ወደ ጊንጪ ተዛውሯል። ከእሱ በፊት ደግሞ አንድ ፖሊስ።

ልብስ ሰፊው በሩን ከፈተልኝ። ሰፊ ሳሎን፣ አንድ መኝታ ቤት፣ ከጓሮ ማድ ቤት። ከደብረ ብርሃን ጀምሮ እንዲህ ያለ ቤት ይገባኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

"እሳቸውስ ምን ይሉኛል?" አልኩት ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

"ምንም አይሉሽም" አለ። "ለማንም ምንም ብለው አያውቁም።"

እውነቱን ነው። ለብዙ ጊዜ ምንም አላሉኝም። ጠዋት ስወጣ በረንዳቸው ላይ ናቸው፤ "እንደምን አደሩ" ስላቸው "እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ?" ይሉኛል። በልጃቸው ዕድሜ ያለሁ ሰው አንቱ መባሉ ከስድብ ይብስ ነበር። ባለቤታቸው ትንሽ ይሻላሉ፤ እማማ እላቸዋለሁ፤ ጓሮ ካለው ቧንቧ ስንገናኝ የጉደርን ገበያ ይጠይቁኛል። ወደ እኔ ቤት በረንዳ ግን አይጠጉም። አንድ ጊዜ ዶሮዋ ሳሎኔ ገባችባቸውና ውጪ ቆመው እኔ እስካወጣላቸው ጠበቁ።

ከአምቦ ጉደር መኪና ከተገኘ ቅርብ ነው። ችግሩ መኪናው ነው። ከአዲስ አበባ የሚነሳው የነቀምት አውቶቡስ አምቦ ሲደርስ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አልፏል። ስለዚህ ገና ጎህ ሲቀድ ከከተማው ምዕራብ ጫፍ፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር እንቆማለን፤ እኔ፣ ጉደር ክሊኒክ የምትሠራ ነርስ፣ አንድ የዘር ብዜት ሠራተኛ፣ አንዳንዴም ዶሮ የያዘ ነጋዴ። ያደርንበትን ነገር እየተጠያየቅን የሞተር ድምፅ እናዳምጣለን። የጭነት መኪና ሲቆምልን ጋቢናው ውስጥ ቦታ ካለ ለነርሷና ለእኔ ይሰጣል፤ ከሌለ ጆንያው ላይ እንወጣለን። በጋ አቧራ ነው፤ ክረምት ሸራው ከላያችን ላይ ይጎተትና እንደ እህል እንሸፈናለን። ነዳጅ በራሽን የሆነ ጊዜ ጨርሶ መኪና ይጠፋል። ያኔ እስከተወሰነ ቦታ ድረስ በጋሪ፣ ከዚያ በእግር። ክፍል ስገባ ተማሪዎቹ ጫማዬን አይተው በምን እንደመጣሁ ያውቃሉ።

ማታ ስመለስ ግን የራሴን በር በራሴ ቁልፍ እከፍታለሁ። አልቤርጎ ውስጥ ያደረ ሰው የዚህን ጣዕም ያውቀዋል።

ከአዛውንቱ ጋር መነጋገር የጀመርነው በሚስማር ምክንያት ነው። አንድ ቅዳሜ መስተዋት ልሰቅል ብዬ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ሚስማር መምታት ጀመርኩ። ሁለቴ ሦስቴ እንደመታሁ በሩ ጨለመ። ዞር ስል አዛውንቱ በረንዳው ላይ ቆመዋል። ከገባሁ ጀምሮ ወደዚህ ሲመጡ የመጀመሪያቸው ነው።

"የትኛው ግድግዳ ነው?" አሉ።

"ይሄኛው።"

"እሱን ተይው። ቋሚው ወዲህ ነው፤ እዚያ ጭቃ ብቻ ነው፤ ይረግፋል።" እጃቸውን ዘርግተው ቦታውን አሳዩኝ፤ እግራቸው ግን ከደፉ አላለፈም።

"ይግቡና ይምቱልኝ" አልኳቸው።

ጫማቸውን በረንዳው ላይ ጠርገው ገቡ። ሚስማሩን መቱ፣ መስተዋቱን ሰቀሉ፣ ይቀመጡ ብላቸው አልተቀመጡም። ሳሎኑ መሐል ቆመው ጣራውን አዩ።

"ፖሊሱ ምድጃ እዚህ ያነድ ነበር" አሉ። "ኮርኒሱን አጠቆረው።"

ከዚያን ቀን ወዲህ አንቺ ሆንኩ። ማታ ማታ ስመለስ አንዳንዴ በረንዳቸው ላይ እቀመጣለሁ። የተረዳሁት ቀስ በቀስ ነው። ወረሳው ሲታወጅ ከሁለቱ ቤት የፈለጉትን እንዲመርጡ ጠይቀዋቸው ነበር። እሳቸው አሮጌዋን መረጡ።

"ለምን?" አልኳቸው።

"ጊዜያዊ መሰለኛ" አሉኝ። "ይመልሱታል ብዬ ነበር። የምንኖረው በዚችኛዋ ነበር፤ እቃ ከማግተልተል ብዬ ተውኩት። አዲሱን የሠራሁት ለማከራየት ነበር፤ በኋላ ደግሞ ለልጄ።"

ባለቤታቸው አዲሱን እንምረጥ ብለዋቸው ኖሯል። አልሰሟቸውም። ከዚያ ቀን በኋላ እማማ አዲሱ ቤት ውስጥ አልገቡም። ሁለቱ ስለዚህ ነገር ሲነጋገሩ ሰምቼ አላውቅም፤ የነገረችኝ ልጃቸው ናት።

ልጅቱ አምቦ አንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ትሠራለች። ታጭታ ነበር። እጮኛዋ ጤና ረዳት ነው፤ የጎጆ ተወላጅ። ሁለቱም ቤተሰብ ጴንጤ ነው፤ ቤተ ክርስቲያናቸው ግን ከተዘጋ ቆይቷል፤ በሩ ላይ እሽግ አለ። በሁለተኛው ዓመት ከፋሲካ በኋላ አንድ እሑድ አዛውንቱ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው መጡና በሬን አንኳኩ። በሩ ክፍት ነው፤ ቢሆንም አንኳኩ። በዚህ ጊዜ ተቀመጡ።

"እንግዲህ ልጄ፣ ነገር ይዤ መጥቻለሁ" አሉኝ። "ልጅቷን ልንድር ነው። በቤተ ክርስቲያን እንዳናደርግ እንደምታይው ነው። የእኔ ቤት ደግሞ ለሰው አትበቃም። ይሄን ሳሎን ለአንድ ቀን ብትፈቅጅልን ብዬ ነው።"

ቤቱን የሠራው ሰው ነው ሳሎኑን አንድ ቀን አውሺኝ የሚለኝ። "ቤቱ የእርስዎ ነው" ብል ሐሰት ይሆናል፤ ደግሞም አደገኛ ንግግር ነው። "እሺ" አልኳቸው።

"የአንቺ ሃይማኖት አይደለም።"

"ችግር የለም።"

"ቀበሌው ግን ማወቅ አለበት" አሉ። እሱ ነበር ከባዱ።

አብረን ወደ ሊቀመንበሩ ሄድን። ወጣት ነው፤ የአዛውንቱን እህል ተሸክሞ የሚያውቅ የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ነበር። አንድ ጊዜ እሳቸውን፣ አንድ ጊዜ እኔን ያያል።

"ሰርግ ነው ወይስ ጸሎት?" አለ።

"ሰርግ ነው" አሉ አዛውንቱ።

"ሰርግ አንከለክልም። ስብሰባ ነው የተከለከለው።" ወረቀቱን ወዲያ ወዲህ አደረገ። "ሰርግ ከሆነ ከበሮ ይኖራል፤ ዘፈን ይኖራል። ከመንገድ ካልተሰማ እኔ ሰርግ ነው ብዬ ለማንም ማስረዳት አልችልም።"

ጴንጤ በሰርጉ አይዘፍንም፤ ይህን እሱ ጠንቅቆ ያውቃል። ያኔ ሊያጠምዳቸው የተናገረው መስሎኝ ነበር። ስንወጣ አዛውንቱ ከፊቴ ቀድመው እስከ ግቢያችን በር ሄዱ። በሩ ላይ ቆሙና፣ "መንገድ አሳየን እኮ" አሉ።

በቀጣዩ ቀን ሁለታችን የሰፈሩን ሴቶች ቤት ለቤት ዞርን። ኦርቶዶክሶቹን፣ ዘፋኞቹን። ታይፒስቷ ከበሮ ከአክስቷ አመጣች። የልብስ ሰፊው ሚስት፣ ጥሩ አውራጅ ናት የምትባለው፣ ነገሩን ሳንጨርስላት ገባት።

"እነሱ ውስጥ ይጸልዩ፣ እኛ ውጪ እንዘፍናለን። ይሄ ነው አይደል?" አለች።

"ይኸው ነው" አሉ አዛውንቱ።

"ጠላ ግን አይኖርም።"

"አይኖርም። የምንጠጣው አጣን እንዳትሉ ጉደር ድረስ ሰው ልኬ ብርቱካን አስመጣለሁ። የአምቦ ውሃ ደግሞ በሳጥን ነው።"

"ያለ ጠላ መዝፈን ሥራ ነው" አለች፤ ግን እሺ አለች።

የሰርጉ ዋዜማ እማማ መጡ። ሳሎኑን ማዘጋጀት ነበረባቸው። በረንዳው ላይ ቆመው ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ከዚያ ገቡ። እኔ ያለቅሱ ይሆን ብዬ ፈርቼላቸው ወደ ማድ ቤት ልሄድ ስል ድምፃቸው ደረሰኝ።

"መስኮቱን ወደ ወንዙ አድርገው ብዬው ነበር" አሉ። "ወደ መንገድ አደረገው። አሁን አቧራው ሁሉ እዚህ ነው።" መጥረጊያ ጠየቁኝ። የጠረግሁትን ቤት እንደገና ጠረጉት።

በማግስቱ ግቢው ሞላ። የሙሽራው ዘመዶች ከጎጆ ወፍራም ቡልኮ ለብሰው፣ ድንችና በግ ጭነው መጡ። ሳሎኑ ውስጥ ሽማግሌዎቹ፣ ሙሽሮቹና ከተዘጋው ቤተ ክርስቲያን የተሰወረው መጋቢያቸው ገቡና በሩ ገርበብ አለ። እኛ ሴቶቹ በረንዳውን ከበን ከበሮውን መታን። ልብስ ሰፊው የአብዮት ጥበቃ ክንድ መታወቂያውን አድርጎ በር ላይ ቆሟል። እኔ መዝፈን አልችልም፤ ጉሮሮዬ የመምህር ነው፤ ግን በሙሉ ኃይሌ ተቀበልኩ። የልብስ ሰፊው ሚስት ከውስጥ የዝማሬ ድምፅ ከፍ ሲል ከበሮውን ታጠብቀዋለች፤ ዝም ሲሉ እኛም ትንፋሽ እንወስዳለን። ቃል ኪዳኑ ሲፈጸም አላየሁም። በራሴ ሳሎን የተደረገውን ሰርግ ከውጪ በሰማሁት ዕልልታ ብቻ ነው የማውቀው፤ ዕልልታውንም ማን እንዳስነሳው አላውቅም።

ከሰዓት ሊቀመንበሩ መጣ። ምግብ ቀረበለት። ከበሮውን አየ፣ ገርበብ ያለውን በር አየ፣ በልቶ እጁን ታጠበ።

"ሰርጉ እስከ ወፍጮ ቤቱ ድረስ ይሰማል" አለ ለአዛውንቱ። ከዚያ መርቆ ሄደ። አጥምዷቸው ነበር ወይስ መንገድ አሳይቷቸው፣ እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም።

ሙሽሮቹ ግን የሚገቡበት አልነበራቸውም። እሱ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር በደባልነት ይኖራል፤ እሷ ከእናቷ ጋር ታድራለች። ሰርጋቸውን የደገሱ ሰዎች በአንድ ከተማ ሁለት ቤት ተለያይተው፣ ማታ ማታ በፍል ውሃው መንገድ ሲሄዱ ይታያሉ። ክረምቱ ሊገባ ሲል አዛውንቱ እንደገና መጡ። ይሄኛው ጥያቄ ከፊተኛው የከበደ ነው። ሙሽሮቹን በደባልነት ያዢልኝ ነው።

ወዲያው እሺ አላልኳቸውም። ያንን በር ለብቻዬ መክፈት ወድጄዋለሁ። ደግሞ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ልጅ እንኳ ይገባዋል። ዋናው ተከራይ ሲዛወር፣ ደባል ሆኖ የተመዘገበ ሰው ቤቱ ይጸናለታል። የተወረሰበት ሰው ልጅ ወደ ተወረሰው ቤት እንድትመለስ የረዳሁ እኔ ነኝ ማለት ነው። ይህን የሚጠላ ካድሬ አይጠፋም።

"ያሰብኩትን ታውቂያለሽ" አሉኝ።

"አውቃለሁ።"

"እምቢ ብትይ አልቀየምሽም።"

እንደማይቀየሙኝ አምናለሁ። ለጥቂት ቀናት አሰብኩበት። የወሰንኩት በትልቅ ሐሳብ አይደለም። አንድ ማታ ከጉደር ስመለስ ዝናብ ያዘኝና ሮጬ አንድ ሱቅ ጥላ ሥር ስጠለል፣ ሁለቱ ሙሽሮች እዚያው ቆመው አገኘኋቸው፤ በአንድ ጃንጥላ። ዝናቡ እስኪያባራ የሚሄዱበት ስላልነበራቸው የሱቁን ሳሙና እያዩ ነው የሚያወሩት። በማግስቱ ልብስ ሰፊው ዘንድ ሄድኩ።

"ደባል ላስመዘግብ ነው" አልኩት።

"ማንን?"

"አንድ ጤና ረዳትና ባለቤቱን። እሱ የጎጆ ተወላጅ ነው።"

ቀና ብሎ አየኝ። ሰርጉ ላይ ራሱ በር የጠበቀ፣ ሚስቱ ከበሮ የመታች ሰው ማን እንደሆኑ ሊጠፋው አይችልም። "የጎጆ ተወላጅ" ብሎ በባልየው ስም ጻፈ፤ ሌላ ነገር አልጠየቀም። ኮሚቴው ፊት ሲቀርብም የማን አማች ነው ያለ የለም። ሁሉም ያውቅ ነበር።

አንድ ዓመት አብረን ኖርን። መኝታ ቤቱን ለእነሱ ለቅቄ እኔ ሳሎኑን በመጋረጃ ከፈልኩት። ቀላል ነበር ማለት አልችልም። አንድ የላምባ ምድጃ ለሦስት ሰው ይጣበባል። ልጅቷ በጣም ንጹሕ ናት፤ ያስቀመጥኩትን እቃ ሁሉ ቦታ ትቀይራለች። ባሏ ከምግብ በፊት ረጅም ጸሎት ይጸልያል፤ ወጡ ይቀዘቅዛል። እኔ አማትቤ እጠብቃለሁ። አንድ ቀን ርቦኝ በመሐል "አሜን" አልኩበት፤ ገና ለታመሙት ሲጸልይ ነበር። ዓይኑን ገልጦ አየኝና ሳቀ፤ ከዚያ ወዲህ ትንሽ አሳጠረው።

የሚቀጥለው ዝውውሬ ወደ ጊንጪ ሆነ። እንደ ቀድሞው አልጠየቅሁትም፤ ደብዳቤ መጣ። ቤቱን እንደምለቅ ሲሰማ ከአውራጃው የመጣ አንድ ሹም ፈልጎት እንደነበር ልብስ ሰፊው ነገረኝ። ጉዳዩ ኮሚቴ ቀርቦ ነበር።

"ምን አላችሁት?" አልኩት።

"ቤቱ ሰው አለበት አልነው። ተመዝግበዋል፤ መመሪያው ይፈቅዳል።" ክሩን በጥርሱ ቆረጠ። "ደግሞ ሄዶ ሲያየው ከበረቱ አጠገብ ነው። ሽታውን አልወደደውም።"

የሄድኩ ዕለት አዛውንቱ ፍራሼን ራሳቸው አሰሩልኝ። ገመዱን ደጋግመው አጠበቁት። እማማ አንድ ጆንያ ድንች ሰጡኝ፤ ከአማቻቸው አገር የመጣ ነው። መኪናው ሲመጣ አዛውንቱ፣ "ገለቶሚ" አሉኝ። በአማርኛ ሊያመሰግኑኝ ያፈሩ ይመስለኛል። እኔም እጃቸውን ጨበጥኩ።

ጊንጪ እንደገና ቤት መፈለግ ነው። ያኛውን ታሪክ ብተርከው ከዚህ አይለይም፤ ቀበሌ፣ መዝገብ፣ አልቤርጎ። በመጨረሻ ከአንዲት መበለት ዘንድ በደባልነት ገባሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከደንዲ የሚመጣው ከብት በቤቷ ፊት ያልፋል፤ ቀኑን የማውቀው በእሱ ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ ለስብሰባ አምቦ ሄጄ ጎራ አልኩባቸው። ልጅቷ ወልዳለች። እማማ ሕፃኑን ሊይዙ ወደ ትልቁ ቤት ገብተው በዚያው ቀርተዋል፤ ሳሎኑ ውስጥ እኔ መጋረጃ በሰቀልኩበት በኩል አልጋቸው ተዘርግቷል። ምሳ አብረን በላን። አዛውንቱም እዚያው በሉ፣ ሕፃኑን ትንሽ አቀፉ፣ ከዚያ ተነስተው ወደ አሮጌዋ ቤት ሄዱ።

"እሳቸው እዚህ አያድሩም?" አልኩ።

"አያድርም" አሉ እማማ። "ሁላችንም እዚህ ከገባን ያቺኛዋ ባዶዋን ትቀራለች። ባዶ ቤት ደግሞ ቀበሌው ያየዋል። ስለዚህ ብቻውን ይተኛል።"

"ብርድ አይሆንባቸውም?"

"ቡልኮ ሰጥቼዋለሁ" አሉና ሕፃኑን ወደ ሌላው ትከሻቸው አዞሩት።

የጊንጪው አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ ብዙ አልቆየሁም። ስወጣ አዛውንቱ በረታቸውን እየጠረጉ ነበር፤ አካፋቸውን አቁመው እስከ መንገዱ ሸኙኝ።